የብስክሌት ልክ ዐዋቂው ቦልቴ

በ1952 ዓ.ም. ሶዶ ውስጥ ብስክሌት ያለው ሰው ጥቂት ነበር፤ ደህና አድርጎ የሚነዳው ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ሰዉ መውደቅ ስለሚፈራ ኮርቻውን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጎ፣ ሁለት እግሩ መሬት እንዲረግጥለት ሆኖ ነበር የሚቀመጠው። ሲነዳ ጉልበቱ ደረቱ ጋ ሊደርስ ምንም አይቀረው። የፍርድ ቤት መጥሪያ የሚያደርሰው ባዳቾ ሁለት ዓመት እንደዚያ ሲነዳ ከርሞ፣ አንድ ቀን የቢሮውን ሦስት ደረጃ ለመውጣት ግድግዳ ሲደገፍ አይቼዋለሁ። ዕድሜው ሠላሳ እንኳ አልሞላም ነበር።

ቦልቴ ከሱቄ አጠገብ ሱቅ የከፈተው ያን ዓመት ነው።

እኔ እሸቴ እባላለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። አባቴ ከሰሜን ከመጡት ወታደሮች አንዱ ነበር፤ እኔ ግን የተወለድኩትም ያደግሁትም እዚሁ ሶዶ ነው። ከገበያው ዝቅ ብሎ መሐሉ በቆርቆሮ የተከፈለ አንድ ቤት ነበር። በግራ በኩል የእኔ የስፌት መኪና፣ በቀኝ በኩል የቦልቴ መፍቻና ጎማ። ከቆርቆሮው ማዶ የሚባለው ሁሉ ይሰማኛል። ይህን የማወራው ስለ እሱ ነው፤ ራሴንም ግን አልደብቅም።

ቦልቴ ያኔ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ሻሸመኔ ውስጥ፣ ከጦርነቱ በኋላ አገሩ ሳይመለስ በቀረ አንድ ጣሊያናዊ መካኒክ ዘንድ ስድስት ዓመት ሠርቶ ነው የመጣው። ካላማዳሪያ መለጠፍ፣ ካቴና ማሳጠር፣ የተጣመመ ቸርኬ ማቅናት ሌሎችም ያውቃሉ። የእሱ ዕውቀት ሌላ ነበር። ብስክሌት ይዞ የመጣን ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው፣ "የት ጋ ያምሃል?" ብሎ ነው። ሰዎቹ ይስቁበታል፤ "የተበላሸው ብስክሌቱ፣ የምትመረምረው እኔን!" ይሉታል። እሱ አይስቅም። "እስቲ እስከ ታች ንዳና ተመለስ" ይልና መንገድ ዳር ቁጢጥ ብሎ፣ የሰውየውን ወገብና ጉልበት፣ ክርንና ትከሻ ዝም ብሎ ያያል።

ባዳቾንም እንደዚያ አደረገው።

"ጉልበትህን ከፊት በኩል ነው የሚያምህ" አለው፣ ገና ሳይነግረው።

"ማን ነገረህ?"

"አቀማመጥህ። በጣም ዝቅ ብለሃል። እግርህ ሳይዘረጋ ነው የምትገፋው፤ ሸክሙ ሁሉ ጉልበትህ ላይ ነው።"

ኮርቻውን አራት ጣት ያህል ከፍ አደረገለት። ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፎ ባዳቾን ላዩ ላይ አወጣውና፣ "ተረከዝህን ፔዳሉ ላይ አድርግ፤ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግርህ ቀጥ ይበል" አለው። ቀጥ አለ። "አሁን ተረከዝህን ተውና ከጣቶችህ ሥር ባለው የእግርህ መዳፍ ርገጥ።" ጉልበቱ ትንሽ እጥፍ አለ። "ይኸው፣ ልክህ ይኼ ነው።" ባዳቾ እግሬ መሬት አልደረሰም ብሎ ጮኸ። ቦልቴም፣ "ስትቆም ከኮርቻው ውረድ፤ በርጩማ አይደለም" አለው። ባዳቾ ሳምንቱን ሙሉ ሲረግመው ሰነበተ። በሁለተኛው ሳምንት ዶሮ ይዞለት መጣ።

ዶሮዋን ሰጠው እንጂ አብሮት አልበላም። ይህን መናገር አለብኝ። ቦልቴ የቀጥቃጭ ልጅ ነበር። አባቱና አያቱ በሁምቦ መንገድ፣ ከከተማው ወጣ ባለ መንደር ማረሻና ቢላዋ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። በወላይታ አገር ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ሥራው ይፈለጋል፤ እሱ አይፈለግም። ከእነሱ ጋር መጋባት የለም፤ ቤታቸው ገብቶ መብላት የለም። እኛ የሰፋሪ ልጆችም ከዚህ አንሻልም ነበር፤ ዓይናቸው ይበላል እያልን ልጆቻችንን እንሰውርባቸዋለን። እኔ ከቦልቴ ጋር በየቀኑ እየሳቅሁ፣ እየተጫወትኩ፣ ስንት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጬ ከእሱ እጅ ውሃ ጠጥቼ አላውቅም። እሱም አንድ ቀን ጠጣ ብሎኝ አያውቅም።

ጥሩነሽ ወደ ሱቁ የመጣችው በ1955 ነው። ኦቶና ሆስፒታል ድሬሰርነት ተምራ፣ በቦዲቲ መንገድ ባለ አንድ ትንሽ ክሊኒክ ትሠራ ነበር። አባቷ አቶ ሶርሳ የጸሎት ቤት ሽማግሌ ናቸው፤ ከተማው ሁሉ የሚያከብራቸው። አንዲት ፈረንጅ ነርስ አገሯ ስትገባ ብስክሌቷን ለጥሩነሽ ትታላት ሄደች። ፈረንጇ ረጅም ነበረች፤ ጥሩነሽ ደግሞ አጭር። በዚያን ጊዜ ሴት ልጅ ብስክሌት ስትነዳ ማየት ብርቅ ስለሆነ ባለፈች ቁጥር ሰዉ ከየሱቁ ይወጣል።

"ጉልበቴን ከኋላ በኩል ያመኛል" አለችው። "እጄም ይደነዝዛል። ትናንት መርፌ መያዝ አቃተኝ።"

ንጂና ተመለሽ አላት። ነድታ ተመለሰች። ቦልቴ ከተቀመጠበት ሳይነሳ፣ "ኮርቻው ከፍ ብሎብሻል፤ ፔዳሉን ፍለጋ ወገብሽ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። የኮርቻው አፍንጫ ደግሞ ወደ መሬት አዘቅዝቋል፤ ወደፊት ስለሚያንሸራትትሽ ክብደትሽን በእጅሽ ትይዢዋለሽ። ለዚያ ነው የሚደነዝዝሽ። መሪውም ርቆብሻል" አላት።

ከዚያ ወደ እኔ መጥቶ ሜትሬን አዋሰኝ አለ። የእግሯን ርዝመት መለካት ነበረበት፤ ነገር ግን ሊነካት አልደፈረም። የሜትሩን አንድ ጫፍ ለእሷ ሰጥቶ፣ ሌላውን እሱ መሬት ላይ ያዘ። እጁ ከእግሯ ክንድ ያህል ርቆ ነበር። እሷ ወደታች አየችውና፣ "እኔ በቀን ሠላሳ ሰው እነካለሁ፤ ስለነካሁት የሞተ የለም። እንዲህ ርቀህ ልኬቱ እንዴት ትክክል ይሆናል?" አለችው። ቦልቴ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ቀን በፊት እንደዚያ አድርጎ ሰው ሲያይ አይቼው አላውቅም።

ኮርቻው ከዚያ በላይ ዝቅ ስለማይል ኮርቻው የቆመበትን ቱቦ በመጋዝ አሳጠረው። ኮርቻውን አስተካክሎ ወደፊት አቀረበላት፤ መሪውን ወደ እሷ መለሰላት። ስትነዳ ወገቧ ጸጥ አለ፤ ክርኖቿ ላላ አሉ። ዳገቱን ወጥታ ተመልሳ መጣችና ሳትወርድ፣ "ሌላ ብስክሌት ሰጠኸኝ እኮ" አለችው። ውሃ ጠማኝም አለች። ቦልቴ ግራ ገባው፤ ከእኔ ዘንድ ሊያመጣላት ዞረ። እሷ ግን ወርዳ፣ እንስራው ላይ የተደፋውን የእሱን ጣሳ አንስታ፣ ቀድታ ጠጣች። ጣሳውን መለሰችለት፣ አመሰገነችው፣ ሄደች። እሱ ጣሳውን በሁለት እጁ ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣት ጀመረች። ኮርቻው ትንሽ ወደኋላ፣ መሪው ትንሽ ከፍ፤ ሁልጊዜ የሚስተካከል ነገር አይጠፋም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሰው ላለቀለት ቀሚስ አምስት ጊዜ ለልኬት እንደማይመጣ ዐውቃለሁ። ከቆርቆሮው ማዶ በወላይትኛ ሲያወሩ፣ ሲስቁ እሰማቸዋለሁ። ዓመት ሞላ።

በ1956 መጨረሻ ቦልቴ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ወደ እኔ መጣ። "ጋሽ እሸቴ፣ ሽማግሌ ሁንልኝ" አለኝ። የራሱ ዘመዶች ቢላኩ አቶ ሶርሳ ቤት ማን ያስቀምጣቸዋል? ስለዚህ አብሮት የሚጸልየው ወንጌላዊ አንጁሎና እኔ፣ ጎረቤቱ፣ እንድንሄድለት ነበር የፈለገው። እሺ አልኩት። እሺ ለማለት ጊዜ አልወሰደብኝም፤ ዛሬ ሳስበው፣ ነገሩ እንደማይሆን ዐውቄ ነው መሰለኝ።

የአቶ ሶርሳ ቤት ዳሞታ ተራራ ግርጌ ነው። በእንሰቱ መሐል አልፈን ገባን፤ በክብር ተቀበሉን፤ ቦይና የሚባለው የተቀቀለ ሥርና ወተት ቀረበልን። አንጁሎ ጸሎት አድርጎ የመጣንበትን ተናገረ። በክርስቶስ ቀጥቃጭም ገበሬም እንደሌለ፣ ይህንንም ከማንም በፊት ያስተማሩን እሳቸው እንደሆኑ አስታወሳቸው። አቶ ሶርሳ አንጁሎን ትተው ወደ እኔ ዞሩ። አማርኛቸው "እርስዎ" የሚለውን ቃል አልለመደውም ነበር።

"አቶ እሸቴ፣ አንተ ሴት ልጅ አለህ?"

"አለችኝ፤ ሳህሊቱ ትባላለች።"

"ስንት ዓመቷ ነው?"

"ዐሥራ ስድስት።"

"ቦልቴን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። አምስት ዓመት ጎረቤትህ ነው። ልጅህን ትሰጠዋለህ?"

እሰጠዋለሁ ብል፣ አቶ ሶርሳ ይረቱ ነበር ብዬ አምናለሁ። የሚፈልጉት አንድ ሰው ነበር፤ ከእሳቸው ቀድሞ የሚናገር አንድ ሰው። አፌን ከፈትኩ። የሚስቴ የብርሃኔ ፊት ታየኝ፤ የእናቴ ፊት ታየኝ። አፌን ዘጋሁ። አንጁሎ መሬት መሬት ያያል።

አቶ ሶርሳ አለቀሱ። "እኔ ቦልቴን እወደዋለሁ" አሉ። "በጸሎት ቤት አንድ አግዳሚ ላይ እንቀመጣለን። ግን እሷን ብሰጠው እኅቶቿን ማን ያገባልኛል? ስሞት ወንድሞቼ ይቀብሩኛል?"

ቦልቴ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። አንጁሎ ወደ ቤቱ ታጥፎ ሄደ፤ እኔ ብቻዬን ደረስኩ።

"ምን አሉ?"

"አይሆንም አሉ።"

"እናንተስ ምን አላችሁ?"

"ለመንናቸው" አልኩት። "ያልለመንነው ልመና የለም።"

ጥሩነሽ በማግስቱ መጣች። ቆርቆሮው ቀጭን ነው፤ መኪናዬን አቁሜ አዳመጥኩ።

"ሻሸመኔ እንሂድ" አለችው። "አንተ ሥራ አታጣም፤ እኔም አላጣም። አሁኑኑ እንሂድ።"

"እንደ ተሰረቀ ዕቃ ይዤሽ አልሄድም።"

"ሰው አይደለሁ? ማን ይሰርቀኛል? በእግሬ ነው የምሄደው።"

"ቀጥቃጩ ልጃቸውን ሰረቀ ይባላል፤ ነገ የምንወልዳቸውም የሌባ ልጆች ይባላሉ። በበር ገብቼ ነው የምወስድሽ። አባትሽ እሺ ይላሉ፤ ጋሽ እሸቴ እንደገና ይሄድልኛል።"

"እኔ ያንተን ጋሽ እሸቴ አላምነውም" አለች።

በእርግጥም እንደገና እንድሄድ ለመነኝ። ቆይ፣ ነገሩ ትንሽ ይብረድ አልኩት። በመስቀል ጠየቀኝ፤ ከመኸር በኋላ አልኩት። በኅዳር ጠየቀኝ፤ አመመኝ አልኩት። በጥር ወር 1957 ጥሩነሽ ቶማ የሚባል አስተማሪ አገባች። ሰውየው ክፉ አልነበረም። የሠርጉ ሰዎች በሱቃችን ፊት ሲያልፉ ቦልቴ ጎንበስ ብሎ በነዳጅ ካቴና ያጥብ ነበር። ካቴናው ከነዳጁ ሲወጣ ንጹሕ ነበር፤ መልሶ ነከረው፤ እንደገና አጠበው።

ከዚያ በኋላ ጥሩነሽ አልመጣችም። በብስክሌቷ ስታልፍ ከኋላዋ ያያታል፤ አንድ ቀን ለራሱ ይሁን ለእኔ ሳላውቅ፣ "አሁንም ልክ ነው" አለ።

በነሐሴ ግን መጣች። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ብስክሌቷን እየገፋች ገባች፤ ሆዷ ገፍቷል። ከስድስት ወር አያንስም።

"የት ጋ ያምሻል?" አላት።

"ወገቤን። መሪው ላይ ጎንበስ ስል ልጁን ይጫነዋል። መሪውን ከፍ አድርግልኝ።"

"መንዳቱን ብትተዪውስ?"

"ክሊኒኩ የሚጠብቁኝ ሴቶች አሉ፤ እነሱም እንደ እኔ ናቸው።"

መሪውን ከፍ ሊያደርግ ሞከረ፤ መሪውን የሚይዘው የብረት አንገት አጭር ነው፤ ከዚያ በላይ ቢወጣ አይይዝም። ነገ ተመለሺ አላት። ያን ዕለት ሱቁን ቀደም ብሎ ዘግቶ በእግሩ ወደ አባቱ መንደር ሄደ። በነጋታው አዲስ የመሪ አንገት ይዞ መጣ፤ ከአባቱ ምድጃ የወጣ፣ ከፊተኛው በስንዝር የሚረዝም፣ ለስልሶ የተሞረደ። ብዙ ብረት አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያማረ አላየሁም።

ገጠመው። መሪውን ወደ እሷ መለሰው። ኮርቻውን ደግሞ፣ ለማንም የማያደርገውን፣ ዝቅ አደረገላት፤ ስትቆም እግሯ መሬት እንዲይዝላት። "ጉልበትሽን ትንሽ ያምሽ ይሆናል" አላት። "ከመውደቅ ይሻላል። ስትወልጂ አምጪው፣ ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ።"

ወጥታ ተቀመጠች። ጀርባዋ ቀጥ አለ፤ በሆዷና በመሪው መሐል ሰፊ ቦታ ተገኘ። ክርኗን እንድታላላ ሊያሳያት እጁን ዘረጋ፤ ክርኗን ነካ። ያኔ ነው ሁለቱም የተሸነፉት። እሷ ብስክሌቱ ላይ እንዳለች አለቀሰች፤ እሱ ክርኗን እንደያዘ። ድምፅ አልነበረውም። እኔ በቆርቆሮው ጫፍ ቆሜ፣ ሜትር አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ማየቴን ማቆም አቅቶኝ አየኋቸው።

"ደህና ሁን" አለችው።

"ዳገት ላይ ውረጂና ግፊ" አላት።

በመስከረም ባሏ ወደ ሃላሌ ተዛወረ፤ አብራው ሄደች። ወንድ ልጅ እንደወለደች ሰማን። ብስክሌቱ ተመልሶ አልመጣም።

ቦልቴ ሱቁን አልዘጋም፤ ቢዘጋው ይሻል ነበር። ካላማዳሪያ ይለጥፋል፣ ፍሬን ያጠብቃል። ግን የት ያምሃል ብሎ መጠየቅ ተወ። አንድ ነጋዴ ከቢጠና ድረስ ዝናውን ሰምቶ መጥቶ፣ ወገቤን ገደለኝ፣ አስተካክልልኝ ቢለው፣ "እኔ ጎማ ነው የምለጥፈው" አለው። ሰዉም እንደ ድሮው ኮርቻውን ዝቅ አድርጎ፣ ጉልበቱን ወደ ደረቱ እየሳበ መንዳት ቀጠለ። በ1960 አባቱ ታመሙ፤ ቦልቴ መሣሪያዎቹን በሁለት ጆንያ ከትቶ ወደ መንደሩ ገባ። ሲሄድ ቆርቆሮውን አንኳኩቶ ተሰናበተኝ።

ዓመት ተኩል ታገስኩ። ከዚያ አንድ ማክሰኞ ሱቄን ዘግቼ፣ በጭነት መኪና እስከ መገንጠያው ሄጄ፣ የቀረውን በእግሬ ወደ እሱ ሄድኩ። ምድጃው አጠገብ አገኘሁት። "ሳሮ፣ ጋሽ እሸቴ" ብሎ ሰላም አለኝና ድንጋይ ላይ አስቀመጠኝ። ከስቷል። የሚሠራው ማረሻ ነበር።

አስቤበት የመጣሁትን ሁሉ ረሳሁት። "ቦልቴ፣ ያን ቀን አቶ ሶርሳ አንድ ነገር ጠይቀውኝ ነበር" አልኩት። "ልጅህን ትሰጠዋለህ ወይ ብለው። ዝም አልኩ። አልለመንኩልህም። ዋሽቼሃለሁ።"

ወናፉን ነፋ። ፍሙ ቀላ።

"ዐውቃለሁ" አለኝ።

"ማን ነገረህ?"

"አቶ ሶርሳ ራሳቸው። በዚያው ሳምንት ጠርተው ነገሩኝ። ሽማግሌህ እንኳ ዝም አለ አሉኝ።"

"ታዲያ ለምን እንደገና ሂድልኝ አልከኝ? ሦስት ጊዜ!"

"ምናልባት በሁለተኛው ትናገራለህ ብዬ።"

"ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት በየጠዋቱ ደህና አደርክ ስትለኝ፣ እንዴት ቻልክ?" አልኩት።

"ሌላ ጎረቤት ነበረኝ እንዴ?" አለኝ።

በቁጣ አልነበረም የተናገረው። ቢቆጣ እችለው ነበር። ማረሻውን ከፍሙ አወጣና መዶሻውን አነሳ፤ ሲመታ ለመነጋገር አይመችም፣ ስለዚህ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ሲጨርስ ይቅር በለኝ አልኩት። ብረቱን ውሃ ውስጥ ነክሮ እንፋሎቱ እስኪያልፍ ጠበቀ።

"ይቅር ብዬሃለሁ ብልህ ምን ይለወጣል፣ ጋሼ?" አለኝ። "አባቴን ማገላበጥ አለብኝ፤ ሰዓቱ ደርሷል። አንተም ሂድ፣ ከሰዓት በኋላ መኪና አታገኝም።"

ወደ ጎጆው ገባ። አባቱን በሁለት እጁ ደግፎ ሲያነሳቸው፣ ትራሱን ሲያስተካክልላቸው በበሩ በኩል አየሁት፤ "እዚህ ጋ ነው የሚያምህ? እዚህ ጋ?" እያለ በወላይትኛ ሲጠይቃቸው ሰማሁት። የሽማግሌውን መልስ ሳልሰማ ተነስቼ ወደ መገንጠያው መንገድ ጀመርኩ።